ባለቤት ከሌለው ማን ዘጋው?

መምህር ሲሳሳት ስሕተቱ በእርሱ ዘንድ አይቀርም፤ በየዓመቱ ከፊቱ በሚቀመጡት ተማሪዎች ቁጥር ይባዛል። የዛሬው ጽሑፌ ከእንዲህ ዓይነት ስሕተት የተወለደ ነውና በኑዛዜ ብጀምር አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝ።

የመገናኛ ታሪክን ሳስተምር ለዓመታት የምደጋግማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። «ኢንተርኔት ባለቤትም ማእከልም የሌለው መረብ ነው፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋበት በሌላው ይፈስሳል» እል ነበር። ዓረፍተ ነገሯ ለጆሮ ትጥማለች፤ ተማሪዎችም ይጽፏታል፤ በፈተና ወረቀት ላይም መልሰው ይሰጡኛል። ከ2020 ክረምት በኋላ ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ዶክተር፣ ባለቤት ከሌለው በዚያ ክረምት ሦስት ሳምንት ያህል ማን ዘጋው? በሌላው መንገድስ ለምን አልፈሰሰም?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። «እርሱ ፖለቲካ ነው» ብዬም ወደሚቀጥለው ርእስ አለፍኩ።

ተማሪው ግን በር ላይ ጠበቀኝ። ታላቅ ወንድሙ ለውጭ አገር የነፃ ትምህርት ዕድል የሚልከው ማመልከቻ የመጨረሻ ቀኑ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ውሎ ኖሯል። ልጁ ወረቀቱን ሁሉ አሟልቶ ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳስቀመጠ ቀኑ አለፈ። «አሁን ዐረብ አገር መኪና ይነዳል» አለኝ። በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የሆነው ነገር እንዴት ሊሆን እንደቻለ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገው። እኔ ደግሞ አላውቅም ነበር። የዶክትሬት ማዕረግ ተሸክሜ፣ ስለ ቴሌግራፍና ስለ ስልክ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ፣ አንድ መልእክት ከአንዱ አገር መረብ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር የሚጠይቀኝ ቢመጣ ባዶ እጄን ነበርኩ።

ስለዚህ ተማሪ ሆንኩ። የቀድሞ ተማሪዬ የነበረና ዛሬ የኔትወርክ ባለሙያ የሆነ ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ እየመጣ ያስተምረኝ ጀመር። ሦስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሳሎኔ ውስጥ በኬብል ተያያዙ፤ ባለቤቴም ለጥቂት ወራት እንግዳ መቀበያዋን ተነጠቀች። ከዚያ የተማርኩትን፣ ከታሪኩ ጋር አዋሕጄ፣ እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ስም፣ ጎረቤትና ወሬ

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከእናርያና ከጅማ ተነሥቶ፣ በጎጃሙ የባሶ ገበያ አልፎ፣ በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ የሚወርደውን ሲራራ ነጋዴ እናስብ። ነጋዴው መላውን አገር የሚያሳይ ካርታ በእጁ የለም። መንገዱ የብዙ ገዥዎችን ግዛት ያቋርጣል፤ በየግዛቱ መግቢያ ኬላ አለ። አንዱ ገዥ የሌላውን ግዛት አያዝዝበትም። ነጋዴው የሚያውቀው የሚቀጥለው ኬላ ጠባቂ የሚነግረውን ነው፤ «በእኔ በኩል እለፍ፤ ከእኔ ቀጥሎ እገሌ አለ፤ ከእርሱ ቀጥሎ እገሌ፤ ከዚያ ባሕሩ ነው»።

ኢንተርኔት የሚሠራው በዚሁ አኳኋን መሆኑን ስሰማ ደነገጥኩ። ኢንተርኔት አንድ መረብ ሳይሆን የመረቦች ስብስብ ነው። የስልክ ኩባንያው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ባንኩ፣ ጉግልን የመሰለው ግዙፍ ድርጅት፣ እያንዳንዱ የራሱ ግዛት አለው፤ በግዛቱ ውስጥ የሚያዝዘው እርሱ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ግዛት «ኦቶኖመስ ሲስተም» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ «ራስ ገዝ መረብ» ብንለው ትክክል ነው። እያንዳንዱ ራስ ገዝ መረብ ቁጥር አለው። ቁጥሮቹ ሲፈጠሩ ከ65,536 አይበልጡም ነበር፤ ይህ እንደማይበቃ ታውቆ በ2007 በወጣ ደንብ ከአራት ቢሊዮን በላይ እንዲሆኑ ተደረገ። ዛሬ ከሰባ ሺህ በላይ ራስ ገዝ መረቦች እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ ይኖራሉ።

የሚነጋገሩበት ቋንቋ «ቢ.ጂ.ፒ.» ይባላል፤ የድንበር በር ደንብ ማለት ነው። በዚህ ደንብ አንድ መረብ ለጎረቤቱ እንዲህ ይላል፤ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ ዘንድ ይገኛሉ።» ጎረቤቱ ወሬውን ተቀብሎ የራሱን ቁጥር ይጨምርበትና ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ወሬው በተጓዘ ቁጥር የቁጥሮቹ ሰንሰለት ይረዝማል። አንድ መረብ በደረሰው ሰንሰለት ውስጥ የራሱን ቁጥር ካገኘ ወሬው ዞሮ ወደ እርሱ የተመለሰ መሆኑን ስለሚያውቅ ይጥለዋል። ሁለት መንገዶች ከቀረቡለት፣ ሌላ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ ሰንሰለቱ ያጠረውን ይመርጣል። ዓለምን የሚያገናኘው ምሥጢር ይኸው ነው፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚተላለፍ ወሬ።

በሳሎኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራ ይህን በተግባር ማየት ነበር። አወቃቀሩ ከጠበቅሁት በላይ አጭር ሆነብኝ። አንደኛው መስመር «እኔ ማን ነኝ» ይላል፤ ለልምምድ ከተተዉት ቁጥሮች መካከል 64512ን ወሰድኩ። ሁለተኛው መስመር «ጎረቤቴ ማን ነው» ይላል፤ የጎረቤቱን አድራሻና ቁጥሩን፣ 64513ን፣ ጻፍኩ። ሦስተኛው መስመር «የምናገረው ስለ የትኞቹ አድራሻዎች ነው» ይላል። ሦስት መስመር ብቻ! ጎረቤቱም በበኩሉ ስለ እኔ እንዲሁ መጻፍ አለበት፤ አንዱ ብቻውን ጎረቤትነትን ማወጅ አይችልም።

ከጻፍኩ በኋላ ማሽኑ ስለ ጎረቤቴ የሚያሳየኝን ቃል አየሁ፤ «አክቲቭ» ይላል። ደስ ብሎኝ «እነሆ ሠራ!» አልኩ። ወጣቱ መምህሬ ፈገግ ብሎ፣ «አይ ዶክተር፣ ይቺ ቃል ብዙዎቻችንን አታላለች። አክቲቭ ማለት እየሞከርኩ ነው፣ ገና አልተገናኘሁም ማለት ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ኢስታብሊሽድ የሚለውን ነው» አለኝ። በሥራ ላይ ነኝ እያሉ ምንም የማያንቀሳቅሱ መሥሪያ ቤቶችን አስታወሰኝ። የጎረቤቴን ቁጥር በስሕተት ጽፌው ኖሯል፤ ሳርመው ግንኙነቱ ተመሠረተ፤ መንገዶቹም መጡ።

በሶፍት ላይ የተጻፈ ውል

የታሪክ መምህር ነኝና «ይህን ማን አሰበው?» ማለቴ አልቀረም። መልሱ ከመገናኛ ታሪክ ይልቅ ለፖለቲካ ታሪክ የቀረበ ነው።

ኢንተርኔት የወጣበት አርፓኔት በ1969 አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር አንድ መረብ ነበር፤ መንገድ የሚመሩትን ማሽኖች የሠራውም ያስተዳደረውም አንድ ኩባንያ ነበር። መረቦቹ ሲበዙ በ1982 እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የመጀመሪያው የድንበር ደንብ ተጻፈ። ያ ደንብ ዓለምን የሚያየው እንደ ዛፍ ነበር፤ መሐል ላይ አንድ ግንድ፣ ሌላው ሁሉ ቅርንጫፍ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚሄድ ሁሉ በግንዱ ማለፍ አለበት። ቅርንጫፎች እርስ በርሳቸው ቢያያዙ ደንቡ ግራ ይጋባል። ማእከላዊ አገዛዝን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የራሱን ታላቅ የጀርባ አጥንት መረብ ዘረጋ። ግንዱ ሁለት ሆነ። የፋውንዴሽኑ መረብ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር በመሆኑ የንግድ መልእክት እንዳያልፍበት ደንብ ነበረው። ከዚህ ላይ አዲስ ጥያቄ ተወለደ። እስከዚያ ድረስ «አጭሩ መንገድ የትኛው ነው?» ብቻ ነበር የሚጠየቀው፤ አሁን ግን «በእኔ ግዛት ማን ይለፍ፣ ማን አይለፍ?» የሚለው መጣ። መንገድ ከጂኦሜትሪ ወጥቶ ፖለቲካ ሆነ።

በጃንዋሪ 1989 የኢንተርኔት መሐንዲሶች በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ተሰብስበው ነበር። ከሲስኮ ኩባንያ ኪርክ ሎኺድ፣ ከአይ.ቢ.ኤም. ያኮቭ ሬክተር ምሳ ላይ ተቀምጠው የአዲሱን ደንብ ንድፍ በምሳ ሶፍት ላይ ጻፉት። ከዚያው ዓመት ከጁን ወር ጀምሮ በይፋ ሰነድ ሆኖ ወጣ። በባለሙያዎች ዘንድ እስከ ዛሬ «የሶፍቱ ደንብ» እየተባለ ይቀለድበታል። አሳቡ ለጊዜው ችግሩን ማስታገስ ነበር፤ ቋሚ ሕንፃ እስኪሠራ የምትቆም ድንኳን። አራተኛው እትም በ1994 ወጣ፤ በ2006 ተስተካክሎ የተጻፈው የዚሁ የአራተኛው እትም ሰነድ ዛሬም መሠረቱ ነው። ድንኳኗ ቤት ሆና ቀረች።

አዲሱ ደንብ ግንዱን አስወገደ። ማንም ከማንም ጋር ሊጎራበት ቻለ። በ1991 የንግድ መረቦች የመንግሥትን የጀርባ አጥንት ሳይረግጡ እርስ በርስ የሚገናኙበትን የመለዋወጫ ማእከል አቋቋሙ። በ30 ኤፕሪል 1995 የፋውንዴሽኑ የጀርባ አጥንት አገልግሎቱን አቆመ፤ ኢንተርኔት ግን አልወደቀም። እኔ በክፍል ውስጥ የምደጋግማት ዓረፍተ ነገር እውነትነቷ ከዚህ ይመነጫል። በእርግጥም ማእከል የለም። ነገር ግን ማእከል አለመኖሩ ኬላ አለመኖሩ ማለት እንዳልሆነ አላየሁም ነበር።

ሳያጣሩ ወሬ

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቅዳሜ ወጣቱ መምህሬ ፈተና አዘጋጀልኝ። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ታላላቅ አቅራቢዎች ሆኑ፤ እርስ በርሳቸውም ተያያዙ። የእኔዋ ማሽን የሁለቱም ደንበኛ ሆነች። አቅራቢ የደንበኛውን መንገድ ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል፤ ምክንያቱም ደንበኛ ከፋይ ነው። ይህም የሚደረገው በቁጥር ነው፤ ለተራው መንገድ 100 ነጥብ፣ ለደንበኛው መንገድ 200። ነጥቡ የሚታየው ከሰንሰለቱ ርዝመት አስቀድሞ ነው። እኔም ከሁለቱ ጎረቤቶቼ ጋር ግንኙነቱን መሥርቼ፣ መንገዶቹ ሲመጡ አይቼ፣ በኩራት እጆቼን አጣጠፍኩ።

ወዲያው ሁለቱ ታላላቅ ማሽኖች እርስ በርስ የሚላላኩት ነገር ሁሉ ይጎተት ጀመር። ምክንያቱን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። «ዶክተር» አለኝ በመጨረሻ፣ «ከአንደኛው የሰሙትን ሁሉ ለሁለተኛው ነገሩት። ሁለተኛውም ደንበኛዬ ነው ብሎ አመንዎ። አሁን የሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ንግግር በእርስዎ ሳሎን እያለፈ ነው።» የረሳሁት አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ውጭ የሚወጣውን ወሬ የሚያጣራ ማጣሪያ። ደንበኛ ለአቅራቢው መናገር ያለበት ስለ ራሱ አድራሻዎች ብቻ ነው። እኔ ግን የሰማሁትን ሁሉ ዘራሁት። ሁለቱ አቅራቢዎችም በበኩላቸው ከእኔ የሚመጣውን ሳያጣሩ ተቀበሉ።

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚሉት አባቶቻችን ስለዚህ የተናገሩ መሰለኝ። በቋንቋችን «ማጣራት» ሁለት ትርጉም አለው፤ እውነቱን መርምሮ ማረጋገጥ ነው፤ ቆሻሻውን ለይቶ ማስቀረትም ነው። በዚህ ሙያ ሁለቱ አንድ ናቸው።

የእኔ ስሕተት ሳሎኔን ብቻ አወከ። በ25 ኤፕሪል 1997 ግን አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ 7007 የሆነ አንድ ራስ ገዝ መረብ ተመሳሳይ ነገር በዓለም ላይ አደረገ። ከጎረቤቱ የተቀበለውን የዓለም መንገድ ዝርዝር አንድ ራውተሩ ትናንሽ አድርጎ ቆራረጠውና «እነዚህ ሁሉ በእኔ ዘንድ ይገኛሉ» ብሎ መልሶ አወጀ። የዓለም ትራፊክ ትልቅ ክፍል ወደዚያ ትንሽ መረብ ጎረፈ። ራውተሩ ከመስመር ከተነቀለ በኋላ እንኳ የሐሰቱ ወሬ ለሰዓታት በሌሎች ዘንድ ሲዘዋወር ቆየ። ስሙ የጠፋው ሰው ቢሞትም ሐሜቱ አይሞትም እንደሚባለው ማለት ነው።

«ትናንሽ አድርጎ ቆራረጠው» ያልኩት ዋናው ነገር ነው። ራውተር ለአንድ አድራሻ ሁለት ወሬ ቢኖረው ጠበብ ያለውን፣ ማለትም ይበልጥ ለይቶ የሚናገረውን፣ ያምናል። «ጎጃም በእኔ በኩል ነው» ከሚለው ይልቅ «ደብረ ማርቆስ በእኔ በኩል ነው» የሚለውን እንደ ማመን ነው። ይህ ሕግ ከነጥብም ከሰንሰለት ርዝመትም በላይ ነው።

የዚህን ሕግ ኃይል ዓለም በግልጽ ያየው በ24 ፌብሩዋሪ 2008 ነው። የፓኪስታን መንግሥት ዩቲዩብ በአገሩ እንዲዘጋ አዘዘ። የፓኪስታን ቴሌኮም ትእዛዙን ለመፈጸም ከዩቲዩብ አድራሻዎች 256ቱን ወስዶ «በእኔ ዘንድ ናቸው» የሚል መንገድ ጻፈ፤ መድረሻቸውም ባዶ ጉድጓድ ነበር። አሳቡ ወሬው ከአገር እንዳይወጣ ነበር። ነገር ግን ወደ ሆንግ ኮንጉ አቅራቢው ወጣ፤ አቅራቢውም ሳያጣራ ለዓለም አስተላለፈው። ዩቲዩብ ያወጀው 1,024 አድራሻዎችን የያዘ ሰፊ ክልል ስለነበር፣ ጠባቡ የፓኪስታን ወሬ በየአገሩ አሸነፈ። ዩቲዩብ ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያንኑ 256 ራሱም አወጀ፤ ትንሽ ቆይቶም በ128 በ128 ከፍሎ ይበልጥ ጠባብ ወሬ አሰማ። ነገሩ የተፈታው ግን የሆንግ ኮንጉ አቅራቢ የሐሰቱን መንገድ ሲያነሣ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ፈጀ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የሚወጣውን ትምህርት ልብ በል። አንድ መንግሥት የራሱን ሕዝብ ዓይን ለመሸፈን የጎተተው መጋረጃ የዓለምን ሕዝብ ዓይን ሸፈነ። ሳንሱር በድንበር ውስጥ የሚቀር የቤት ጉዳይ ነው የሚሉን ሁሉ ይህችን ቀን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

መንገድ ሲነሣ

እስከ አሁን የተናገርኩት ሐሰት ስለ መናገር ነው። የተማሪዬ ጥያቄ ግን ስለ ዝምታ ነበር። ዝምታ ከሐሰት ይቀላል። አንድ መረብ «አድራሻዎቹ በእኔ ዘንድ ይገኛሉ» ማለቱን ካቆመ፣ ወይም «ያልኩትን አንሥቻለሁ» ካለ፣ ጎረቤቶቹ ለሌሎች ይነግራሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥም ዓለም ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ይረሳል። ኬብሉ አልተቆረጠም፤ መብራቱ አልጠፋም። ስሙ ብቻ አይጠራም።

በ27 ጃንዋሪ 2011 ሌሊት ግብፅ ላይ የሆነው ይህ ነው። የታሕሪር አደባባይ ሰልፍ ተቀጣጥሎ ሳለ ታላላቆቹ የግብፅ አቅራቢዎች በተከታታይ ደቂቃዎች መንገዶቻቸውን አነሡ። ወደ 3,500 የሚጠጉ መንገዶች ከዓለም ዝርዝር ጠፉ። የአክሲዮን ገበያውን የሚያገለግለው «ኑር» የተባለው ኩባንያ ብቻ ለጥቂት ቀናት በሩን ክፍት አድርጎ ቆየ። ሌሎቹ የተመለሱት በ2 ፌብሩዋሪ ነበር። ሙባረክ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆዩም፤ በ11 ፌብሩዋሪ ሥልጣን ለቀቁ። ዝምታው ሕዝቡን ወደ ቤቱ አልመለሰውም።

መንገድ ማንሣት ሁልጊዜ የአምባገነን ሥራ ነው እንዳይባል ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ4 ኦክቶበር 2021 ፌስቡክ ከነዋትሳፕና ኢንስታግራም ስድስት ሰዓት ያህል ጠፋ። ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን የውስጥ የጀርባ አጥንት አቋረጠ፤ የስም መዝገቡን የሚይዙት ማሽኖችም ከማእከሉ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው የራሳቸውን መንገድ ራሳቸው አነሡ። ባለጠጋውም ድኻውም፣ ክፉውም ደጉም በአንድ ደንብ ሥር ይኖራሉ።

የአንድ በር ቤት

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ቀጥታ መመለስ እችላለሁ። «በሌላው መንገድ ለምን አልፈሰሰም?» በሌላው መንገድ ለመፍሰስ ሌላ መንገድ መኖር አለበት።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 2022 ድረስ፣ ማለትም ሩብ ምእተ ዓመት፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። አገራችን የባሕር በር የላትምና የፋይበር መስመራችን በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። በአንድ በኩል ብቻ አይደለም፤ በጂቡቲም በኬንያም በኩል መስመር አለ። ነገር ግን የኬብሉ መንገድ ብዙ ቢሆንም የኬላው ጠባቂ አንድ ነበር። ብዙ ኬብል ያለው አገር ኬብል ከመቆረጥ አደጋ ይድናል፤ ጠባቂው ከሚሰጠው ትእዛዝ ግን አይድንም። ጠባቂው አንድ ሲሆን መዝጊያው መንገድ ማንሣት ይሁን፣ የሞባይል ዳታን ማጥፋት ይሁን፣ የተወሰኑ ገጾችን ማጣራት ይሁን፣ ልዩነቱ የዘዴ ብቻ ነው።

ይህን ስል አንድ ትዝታ ከኬንያ ልጥቀስ። እስከ 2000 ድረስ ናይሮቢ ውስጥ ያሉ ሁለት አቅራቢዎች ደንበኞች የሚላላኩት ደብዳቤ በሳተላይት ባሕር ማዶ ተሻግሮ ይመለስ ነበር፤ ግቢያቸው ጎን ለጎን ቢሆንም እንኳ። በዚያ ዓመት ኖቬምበር አቅራቢዎቹ ተሰብስበው በናይሮቢ የጋራ መለዋወጫ ከፈቱ። በሁለት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ብቸኛ ባለመብት የነበረው የአገሪቱ ቴሌኮም «መብቴን ነካችሁ» ብሎ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት ብሎ ነበር። አቅራቢዎቹ ተስፋ አልቆረጡም፤ ተከራከሩ፤ አስረዱ፤ ፈቃድ አገኙ፤ በፌብሩዋሪ 2002 መለዋወጫው እንደገና ተከፈተ። ዛሬ ከአፍሪካ ታላላቅ መለዋወጫዎች አንዱ ነው። ኬንያውያን ያገኙት ነገር አዲስ ማሽን አልነበረም፤ ራውተሩ በ2000ም ነበረ። ያገኙት የመጎራበት መብትን ነው።

በእኛም አገር በ2022 ሁለተኛ አገልግሎት ሰጪ ሥራ ጀምሯል። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ ይህ መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም ራሳችንን አናታልል። ግብፅ በ2011 ብዙ አቅራቢዎች ነበሯት፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት ዝም አሉ። የበሮች መብዛት የሚጠቅመው በሩን ዝጋ የተባለ ጠባቂ «በየትኛው ሕግ?» ብሎ መጠየቅ የሚችልበት ፍርድ ቤት ሲኖር ነው። ፋይበር ነፃነትን ይሸከማል እንጂ አይፈጥርም።

ስለ መድኃኒቱም አንድ ቃል ልበል። ሐሰተኛ ወሬን ለመከላከል በተዘረጋ ሥርዓት እያንዳንዱ መረብ «እነዚህን አድራሻዎች ማወጅ የሚችለው እገሌ ነው» የሚል በፊርማ የታተመ ሰነድ ያስመዘግባል፤ ሌሎችም ከሰሙት ወሬ ጋር ያመሳክሩታል። የፓኪስታኑን ዓይነት ስሕተት ይህ ሥርዓት በተሠራበት ሁሉ ያስቆመዋል። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ እውነት መሆኑን ግን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው የመጀመሪያውን ተናጋሪ ብቻ ነው፤ የእኔን የሳሎን ስሕተትም አይዝም ነበር። ደግሞም ማኅተም ካለ የማኅተም ጠባቂ አለ። የአፍሪካ አድራሻዎች መዝገብ የሆነው፣ መቀመጫውን በሞሪሺየስ ያደረገው አፍሪኒክ፣ ከ2021 ጀምሮ በፍርድ ቤት ክርክር ተይዞ፣ ቦርዱም ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ለዓመታት ሲንገዳገድ አይተናል። ማእከል የሌለውን ነገር ለማስጠበቅ ስንል ትንሽ በትንሽ ማእከል እንሠራለን፤ ከዚያም የማእከሉን ሰላም እንጠብቃለን። ይህ የማሽን ችግር አይደለም፤ ሰው በማኅበር መኖር ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ ያለ ችግር ነው።

አሁን የማስተምራት ዓረፍተ ነገር ተለውጣለች። «ኢንተርኔት ባለቤት የለውም፤ እያንዳንዱ በር ግን ጠባቂ አለው። ስለ ኢንተርኔት የሚጠየቀው የታሪክ ጥያቄም ጠባቂው ማን ነው፣ ለማን ይታዘዛል፣ ማንስ ይጠይቀዋል የሚል ነው» እላለሁ። እንደ ቀድሞዋ ለጆሮ አትጥምም። በፈተና ወረቀት ላይም ሳይሳሳቱ የሚጽፏት ጥቂቶች ናቸው።

ያ ተማሪ ተመርቆ ሄዷል፤ የት እንዳለ አላውቅም። «ፖለቲካ ነው» ብዬ ያለፍኩት መልስ በአንድ በኩል ትክክል ነበር፤ ግን እንደ ማምለጫ ተጠቀምኩበት እንጂ እንደ መልስ አልሰጠሁትም። ይህን ጽሑፍ ካነበበ ዕዳዬን ከፊሉን እንደከፈልኩ ይቁጠርልኝ። የወንድሙን ቀን ግን መመለስ አልችልም፤ የትኛውም ራውተር አይመልሰውም።

ቸር ይግጠመን።